ረዳቱ የጠረገው ሳቅ

የሚረዳኝ ሰው ስፈልግ ኖሬ ኖሬ፣ ዛሬ «ልርዳህ» የሚል ሰው ሲመጣ በር የምቆልፍ ሆኛለሁ። ይህን ስላችሁ አመለኛ እንዳትሉኝ። ሆሳዕና መናኸሪያ ሻንጣ ይዞ የቆመ ሰው ይፍረድልኝ። ገና ከባጃጅ ሳይወርድ አንዱ ሻንጣውን ይነጥቀዋል፣ ሌላው ክንዱን ይይዘዋል፣ ሦስተኛው «አዲሎ ነህ? አዲሎ ነህ አይደል?» እያለ ያዋክበዋል። «አይ፣ አዲስ አበባ ነኝ» ብለህ እስክትጨርስ ሻንጣህ የአዲሎ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሯል። ብትቆጣ ደግሞ የሚቀየመው የረዳህ ሰውዬ ነው። «ደግ በሠራሁ!» ብሎ ያኮርፍሃል። እውነቱን ነው፣ ሥራውን ሠርቷል፣ ገመዱንም አጥብቆ አስሯል። ያላደረገው ነገር ቢኖር መጠየቅ ብቻ ነው።

እኔን ጉድ የሠራኝ ረዳት ግን ሰው እንኳ አይደለም። ሰው ቢሆን እኮ ተጣልተን፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ይወጣልኝ ነበር። የኮምፒውተር ኮድ ነው። ኮድ ጻፊ ነኝ። በዚህች ከተማ ይህን ስል ሰው «አሃ፣ ፎቶ ኮፒ?» ስለሚለኝ ትንሽ ላስረዳ። ሰርቨር የሚባል ዋና ኮምፒውተር አለ፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ፋይል አምጣ ሲሉት የሚያቀርበው እሱ ነው። እኔ እዚያ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ፕሮግራሙ ፎልደር ይከፍታል፣ ፋይል ይገለብጣል፣ ያዛውራል፣ ይሰርዛል። ኮዱ የሚጻፍበት ቋንቋ ለዚህ ሥራ አብሮት የተወለደ መሣሪያ አለው፤ ግን ግትር ነው። ፎልደር አጥፋ ስትለው መጀመሪያ ገልጦ ያያል። ውስጡ አንዲት ፋይል ካገኘ «ባዶ አይደለም» ይልሃል፣ አለቀ። አንድ በአንድ አውጥተህ፣ ፎልደር ውስጥ ያለው ፎልደር ውስጥም ገብተህ፣ ጠራርገህ ካልመጣህ ንቅንቅ አይልም።

ይህ ግትርነት ያንገሸገሻቸው ደጋግ ሰዎች አጋዥ ላይብረሪ ጻፉ። ላይብረሪ ስል መጽሐፍ ያለበት አይደለም፤ ሌላ ሰው ጽፎ የጨረሰው፣ አንተ በነፃ አውርደህ በስሙ እየጠራህ የምታዘው ዝግጁ ኮድ ነው። አንድ ቃል ትጽፋለህ፣ ፎልደሩን ከነልጅ ልጆቹ ይገለብጥልሃል። አንድ ቃል ትጽፋለህ፣ ከነልጅ ልጆቹ ያጠፋልሃል። ውስጡ ምን አለ አይል፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጨቀጭቅ። እኔም እንዳገኘሁት ፍቅር ያዘኝ። ያንን ግትሩን መሣሪያ እንደ አሮጌ ጫማ ወረወርኩትና ሁሉን ነገር ለረዳቱ አስረከብኩ።

እዚህ ላይ ጋሽ ኤርሲዶን ላስተዋውቃችሁ፤ የጣጣው ሁሉ ማረፊያ እሳቸው ናቸውና። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ያከራዩኝ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ነበሩ። ሀድያ ሆነው ግማሽ ዕድሜያቸውን ከምባታ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በሦስት ቋንቋ መቆጣት የሚችሉ ሰው። ሳቃቸውን ግን በአንዱም አላየነውም። አይስቁም ማለቴ አይደለም። ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ቀኝ እጃቸው ከኪስ ወጥታ አፋቸው ላይ ልጥፍ ትላለች። የፊት ጥርሶቻቸው ገና በጎልማሳነታቸው ወልቀዋል። ተማሪ እንዳያይባቸው ብለው የጀመሩት ነው ይላሉ ባለቤታቸው እትዬ አማረች። እኛ የግቢው ሰዎች የምናውቀው ትከሻቸውን ነው፤ ትከሻቸው ከተንቀጠቀጠ ጋሽ ኤርሲዶ እየሳቁ ነው ማለት ነው።

አንድ ቀን ብቻ፣ በልጃቸው በመሠረት ሠርግ፣ ያቺ እጅ ሳትመጣ ቀረች። ለምን እንደቀረች ማንም አልጠየቀም። ጋሽ ኤርሲዶ ድንኳኑ መሐል አፋቸውን ከፍተው፣ ድዳቸው እስኪታይ፣ ዓይናቸው እስኪጠፋ ሳቁ፤ የአቶ ከድር ካሜራም ቀለበቻቸው። አቶ ከድር የፎቶ ቤቱ ባለቤትና የኔ አሠሪ ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ልጅየው የዚህን አገር ሙሽራ ሁሉ በመነጽራቸው አሳልፈዋል። «ከኖርኩበት ዘመን ያነሳሁት ሳቅ ይኸው አንዱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጥርስ ማሳየት ነው» ይላሉ ስለዚያች ፎቶ።

ለአልበም ፎቶ ሲመረጥ እናትና ልጅ ስክሪኑ ላይ አይተዋት ዕንባ በዕንባ ሆኑ። ጋሽ ኤርሲዶ ሲሰሙ ራሳቸው ፎቶ ቤት ድረስ መጡ። እኔም ነበርኩ። ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ፤ ያቺ እጅ ተነስታ አፋቸው ላይ ተለጠፈች። ሁላችንም አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እሳቸውን እያየን ነበር፤ ከፎቶውም ያየነው አፋቸውን ብቻ ነው።

«ይህ አይታተምም» አሉ።

«ጋሼ፣ ወላሂ ከሠርጉ ሁሉ እሱ ይበልጣል» አሉ አቶ ከድር።

«ይብለጥ። በቁሜ ድዴን ግድግዳ ላይ አልሰቅልም። ስሞት አውጡት፤ ያኔ የሚያፍር ሰው የለም። ለቀብሬ እሱን ያዙልኝ።»

መሠረት ቀስ ብላ ስልኳን አውጥታ ስክሪኑን ልታነሳ ስትል በመምህር ዓይናቸው አይተው ስልኩን መልሰው ቦርሳዋ ውስጥ አስከተቷት። በዚህ ሁኔታ ነው እንግዲህ የጋሽ ኤርሲዶ ሳቅ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠው። ያ አንድ ቦታ እኔ በምጠብቀው የፎቶ ቤቱ ሰርቨር ውስጥ ነው።

ኮምፒውተሩ ሞላ። ከመሙላቱ የተነሳ አንዲት ጉርድ ፎቶ ስትከፍትበት ያቃስታል። አቶ ከድር አንድ ቀን «ኢንጂነር» አሉኝ። በከተማዋ ኢንጂነር የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸውና ይህቺን ማዕረግ ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች። «ኢንጂነር፣ ተፋትተው ሌላ ያገቡ ሰዎችን ሠርግ ምን አባቴ ልሁን ብዬ ተሸክሜ እኖራለሁ? ከአምስት ዓመት ያለፈውን አስወጣልኝ።»

«ቀላል ነው» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። የሠርግ ፎልደሮቹ ስም የሚጀምረው በዓመት ነው፤ ዓመቱ፣ ወሩ፣ ከዚያ የሙሽሮቹ ስም። ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲበራ ፕሮግራሜ የፎልደሩን ዓመት ያነባል፣ ከያዝነው ዓመት ይቀንሳል፣ ልዩነቱ ከአምስት ከበለጠ ለረዳቱ አሳልፎ ይሰጠዋል። ረዳቱ የሚያደርገውን ያውቃል። ቀጥሎ ባክአፕ፣ ማለትም ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ቅጂ፤ የውጭውን ሃርድ ዲስክ ባዶ አድርግና የተረፈውን ሁሉ እንደ አዲስ ገልብጥበት አልኩት። ለዚህም አንድ ቃል አለው፤ ይህ ረዳት ባዶ ለማድረግ ቃል አያጣም። እቤቴ በራሴ ላፕቶፕ ሞከርኩት። አሮጌው ጠፋ፣ አዲሱ ቀረ። ራሴን እጅግ አደነቅሁ።

የቀደማችሁኝ ትኖራላችሁ። እኔ ላፕቶፔ ላይ ፎልደር የምሰይመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለምን? ኮድ ጻፊ ነኛ፤ የተማርኩ መስያለሁ። አቶ ከድር ፎቶ ቤት ያሉት ሠራተኞች ግን እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው በኛው ዓመት ነው የሚሰይሙት። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሆድ ዕቃው ፈረንጅ ነው። ባለፈው ወር ያገባችው ሙሽራ፣ ገና ሂናዋ ከእጇ ያልለቀቀ፣ ለሱ ሰባት ስምንት ዓመት በትዳር የኖረች ባልቴት ሆና ታየችው። በዚህ ሒሳብ ሆሳዕና ውስጥ አዲስ ሠርግ የሚባል ነገር የለም። የከርሞዎቹ ሙሽሮችም ገና ሳይጋቡ ጊዜያቸው አልፎባቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ተነሳ። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። ረፋዱ ላይ አቶ ከድር የዲስኩን ባዶ ቦታ አይተው ፊታቸው በራ። «ኢንጂነር፣ ተነፈሰ እኮ! ሰውነቱ ቀለለው» አሉኝ። እውነት ለመናገር ያን ያህል መቅለሉ ለአፍታ ከነከነኝ። ግን ሙገሳ እየጎረፈለት ማን ቁጭ ብሎ ይመረምራል? ለምሳ ክትፎ ጋበዙኝ። ቆጮው ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን፣ የጠፋውን ሁሉ ልንመርቅ የመጀመሪያውን ጉርሻ አንስቼ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መሠረት ናት።

«አባዬ አረፈ» አለችኝ።

ጋሽ ኤርሲዶ ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ይሻላቸዋል ብለን ነበር። እሷ ድምፅዋን አረጋግታ ቀጠለች። «ቀብሩ ነገ ነው። ያቺ ፎቶ በትልቁ ትታተም ብለሽ ንገሪ ብላኛለች እማዬ። ሌላ ፎቶ እንዳታመጡ ብላለች፤ ቃሉ ነው።»

አቶ ከድር «ኢና ሊላሂ» ብለው ጉርሻውን መለሱ። እኔም መለስኩ። ወዲያው ወደ ፎቶ ቤት ሄድን። እሳቸው ራሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና የመሠረትን ሠርግ ፈለጉ። የለም። የጎረቤቷን ሠርግ ፈለጉ። የለም። የባለፈውን ወር ፈለጉ። እሱም የለም።

«ኢንጂነር፣ የት አደረግሃቸው?»

«ባክአፕ አለ» አልኩ። የውጭውን ዲስክ ሰካሁት። ረዳቱ እንደታዘዘው መጀመሪያ ዲስኩን ጠራርጎ ባዶ አድርጎታል፤ ከዚያ ባዶውን ሰርቨር በታላቅ ታማኝነት ገልብጦበታል። ቅጂው ከዋናው አንዲት አትለይም። ሁለቱም ውስጥ ምንም የለም። ያኔ ነው ዓመቱ ትዝ ያለኝ።

«አንተ» አሉኝ አቶ ከድር። ኢንጂነርነቴ እዚያው ላይ አበቃ። ነገሩን ሳስረዳቸው ራሳቸውን ይዘው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ለመሆኑ አንተ ራስህ ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው የምትኖረው?» ብለው ጠየቁኝ።

የሌሎቹ ሙሽሮች አልበም አስቀድሞ ታትሞ እጃቸው ገብቷል፤ እነሱ አልበማቸውን አቅፈው ይሰድቡናል እንጂ ሠርጋቸው አልጠፋም። ምንም ወረቀት ላይ ያልወጣው የጋሽ ኤርሲዶ ሳቅ ብቻ ነው። የተሰረዘ ፋይል ደግሞ ወዲያው አይሞትም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ተኝቶ ይቆያል። እሱን ቆፍሮ የሚያወጣ ፕሮግራም አስነሳሁ። ችግሩ ፎቶ ቤቱ ጠዋት ሙሉ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ነው ያረፈደው፤ ያ ሁሉ የሰው ፊት የት ላይ እንደተጻፈ እግዜር ይወቀው። ፕሮግራሙ ቁፋሮውን ገና ሲጀምር መብራት ሄደ። ጄኔሬተር አስነሳን። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ አቶ ከድር ከጎኔ ቆመው እኔን ሳይሆን ግድግዳውን፣ «ይህን ልጅ ማነው ያመጣብኝ?» ይሉ ነበር። ያመጡኝ እሳቸው ናቸው።

ቁፋሮው እስኪያልቅ የሠርጉን ታዳሚ በስልክ አዳረስኩ። ያን ቀን ስልክ የነበረው ሁሉ ያነሳው ኬኩን ነው። ይህ ሕዝብ ኬክ አይቶ የማያውቅ ይመስል፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ ሲቆረስ፣ ተቆርሶ። አንዷ ብቻ «የሙሽራው አጎት፣ ሺንሺቾ ከተማ የሚኖሩት አቶ ደስታ፣ በታብሌት ሙሉውን ቀርጸዋል» አለችኝ። ሚኒባስ ላይ ዘልዬ ወጣሁ።

አቶ ደስታ እጅግ መልካም ሰው ናቸው፤ ያ ነው የገደለኝ። «ቸኩዬ ነው» ብላቸው «እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ አይታይም» ብለው ከሚዜዎቹ መኪና ጀመሩልኝ። ላሳልፍ ጣቴን ስሰድ እጄን መለሱት። «ቆይ፣ ይህ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቆይ፣ ይቺ የሱ ሚስት ናት።» የሚስትየዋን ወንድሞች ተዋወቅሁ። ወጥ ሲጨለፍ አየሁ። በመጨረሻ ኬኩ ጋ ደረስን። ከኬኩ ጀርባ ያለው ሰው ሁሉ ድንገት ወደ አንድ ወገን ዞረ፤ አንዱ ሌላውን እየጎሸመ ይስቃል፣ አንዲት ሴትዮ በደስታ ታጨበጭባለች። የሚያዩት ጋሽ ኤርሲዶን ነው። ታብሌቱ ግን ከኬኩ አልተነቀለም። የሳቃቸውን ድምፅ እንኳ የዘፋኙ ኪቦርድ ውጦታል።

«ኬኩ ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ አይደል?» አሉኝ አቶ ደስታ።

«ወጥቷል» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? መክሰስ ሳልቀምስ እንዳልወጣ አጥብቀው ለመኑኝ፣ በልቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ቤት ስገባ ቁፋሮው አልቆ ነበር። ስም የሌላቸው ፎቶዎች ተቆልለው ይጠብቁኛል። የወጡት ግን እንደ ገቡት አይደለም። ላይኛው ይታያል፣ ከዚያ በታች ድፍን ግራጫ ነው። አንገት የሌላት ሙሽራ፣ ሻማው ብቻ የቀረ ኬክ፣ ግንባር፣ ግንባር፣ አሁንም ግንባር። የሀገሬን ሰው በግንባሩ መለየት ያን ቀን ነው የተማርኩት። እንዲህ ስወርድ ስወርድ ቆይቼ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አልኩ። የድንኳን ሸራ፣ ሽበት፣ ከሳቅ ብዛት የተጨፈኑ ሁለት ዓይኖች፣ በዓይኖቹ ዳርና ዳር የተሰበሰበ ቆዳ፣ አፍንጫ። ከአፍንጫው በታች ግራጫ።

አቶ ከድር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ግራጫው አልተነሳም። በትልቁ አተሙት፣ ፍሬም ውስጥ ከተቱት። ከበሩ ስወጣ «ምን ሆነ ካሉህ ቫይረስ ነው በል። ሰው ቫይረስ ይገባዋል» አሉኝ።

ግቢያችን እድሩ የጣለው ድንኳን ሰው ሞልቶታል። የእድሩ ሰዎች ቢቸግራቸው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለችውን ፎቶ አስጎልተው አሳትመዋል። ጋሽ ኤርሲዶ እዚያ ላይ ከንፈራቸው ተሰፍቶ የተዘጋ ይመስላል፤ የቀበሌው ማኅተም ግማሹ ትከሻቸው ላይ አርፏል። ሬሳው ሊወጣ ስለተቃረበ አንድ ሰው ያቺን ታቅፎ በር ላይ ቆሟል።

እኔ በጓሮ ዞሬ ገባሁ። እትዬ አማረች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ መሠረት አጠገባቸው ናት። ፍሬሙን በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ሰጠኋቸው። መሠረት ጋዜጣውን ቀደደችው፣ አየችው፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«የቀረውስ?» አለችኝ።

«ቫይረስ ነው» አልኳት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ። በዚያ ሰዓት እንኳ፣ በዚያ ቤት እንኳ፣ እንዲህ አልኩ። ራሴን የጠላሁት ኮዱን በጻፍኩ ጊዜ አይደለም፤ ይህን ባልኩ ጊዜ ነው።

እትዬ አማረች ፎቶውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይኸው፣ መልሶ ሸፈነው» አሉ።

መሠረት ልቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ አወጣች፤ ዙሪያውን የነበሩት ሴቶችም ፈገግ እንደማለት አሉ። እኔ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ቀለለኝ። ይቅር ያሉኝ መሰለኝ። ነገሩ በዚህ ቀልድ አምሮበት የሚያልፍ መሰለኝ፣ ልወጣም ተነስቼ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ። ጣታቸውን ግራጫው ላይ፣ የባላቸው ደረት በነበረበት ቦታ አስቀመጡ። «እዚህ ጋ የኔ እጅ ነበር። ያን ቀን ሳቁ ሲመጣበት እጁን በሁለት እጄ ጥፍር አድርጌ ይዤ፣ ዛሬ አለቅህም አልኩት። እንደዚያ ሆኖ ነው እንጂ እሱ መቼ አፉን ክፍት ይተዋል? እኔም እኮ እዚህ ውስጥ ነኝ።»

ውጭ «ተነሱ» ተባለ። ሰዎቹ ማኅተም ያለባትን ፎቶ ከፊት አስቀድመው ጋሽ ኤርሲዶን ይዘው ወጡ። እትዬ አማረች ደግፈው ሲያስነሷቸው ፍሬሙን እኔ ላይ ትተውት ሄዱ። ድፍኑን ግራጫ አየሁት። ያ ግትር መሣሪያ፣ እንደ አሮጌ ጫማ የወረወርኩት፣ ትዝ አለኝ። እሱ ቢሆን ኖሮ ገልጦ አይቶ «ባዶ አይደለም» ይለኝ ነበር።